ስንቅ አድራሹ ጋሪ

የመብራት ሽቦ በማይደርስበት ጫካ፥ ተራራና ደሴት ተተክለው ሙቀቱን፥ እርጥበቱንና የምድሩን መንቀጥቀጥ እየለኩ በራዲዮ ሞገድ ወሬ የሚልኩ፥ ሴንሰር የሚባሉ አነስተኛ መሣሪያዎች እንዳሉ ሳትሰሙ አትቀሩም። ብዙ ሆነው ሲተከሉ መልእክቱን እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ ስለሚያሳልፉ በአንድነት መረብ ይባላሉ። ዛሬ የምንመለከተው ብልኃታቸውን ሳይሆን ዕድሜያቸውን ነው፤ ዕድሜያቸው የባትሪ ድንጋያቸው ዕድሜ ነውና።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ ሊቃውንት ከኢንቴል ተመራማሪዎች ጋር ሆነው፥ በአሜሪካ በሜን ጠረፍ በምትገኘው በግሬት ደክ ደሴት 32 እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ተከሉ። የፈለጉት ስቶርም ፔትረል የተባሉት የባሕር ወፎች መሬት ቈፍረው የሚሠሩት ጎጆ ሙቀቱና እርጥበቱ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ነበር። ይህች ወፍ እንቍላሏን በታቀፈችባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰው ከነካካት ጎጆዋን ጥላ ትሄዳለች። ስለዚህ ተመራማሪው በየጊዜው እጁን ከማስገባት ይልቅ መሣሪያውን አስቀድሞ አኑሮ ከሩቅ መስማትን መረጠ። መሣሪያው ግን የሚኖረው በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ነበር፤ ድንጋዩን ልለውጥ ብሎ መሄድም ያው ወፊቱን መረበሽ ነው።

የድንጋዩ ማለቅ ደግሞ በመረቡ ሁሉ ላይ እኩል አይመጣም። ወሬውን ከሚሰበስበው ዋና ጣቢያ አጠገብ ያሉት መሣሪያዎች ከራሳቸው ሌላ ከኋላቸው ያሉትን የጓደኞቻቸውን መልእክት ጭምር ስለሚያደርሱ ቀድመው ይደክማሉ። በበሩ አጠገብ የሚቀመጥ ልጅ መላኩ ሲበዛበት እንደሚሆነው ማለት ነው። እነርሱ ዝም ባሉ ጊዜ ከኋላ ያሉት ገና ብርቱዎች ሳሉ የሚሰማቸው ያጣሉ።

ታዲያ ኃይልን ያለ ሽቦ ማድረስ አይቻልምን? በ2007 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ማሪን ሶልያቺችና ባልደረቦቻቸው ከ2 ሜትር በላይ ርቆ ከተቀመጠ የመዳብ ሽቦ ጥቅል በተላከ ኃይል ባለ 60 ዋት አምፑል አበሩ። ምሥጢሩን በክራር መረዳት ይቻላል። በአንድ ቅኝት የተቃኙ ሁለት ክራሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፥ የአንደኛው ክር ሲመታ የሁለተኛው አቻ ክር ሳይነካ ይንቀጠቀጣል። ላኪውና ተቀባዩ ጥቅልም በአንድ ቅኝት ስለተቃኙ ኃይሉ በመካከላቸው ባለው የማግኔት መስክ ይተላለፋል። ሆኖም በዚያ ርቀት የደረሰው ከመቶ 40 ያህል ብቻ ነበር፤ ርቀቱ በጨመረ ቍጥር ደግሞ የሚባክነው ይበዛል። ስለዚህ በአንድ ቦታ ተቀምጦ መረቡን ሁሉ መመገብ የማይሆን ነገር ነው፤ ስንቁን ተሸክሞ የሚዞር ያስፈልጋል።

ይህንኑ በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. የቨርጂኒያ ቴክ ተመራማሪዎች በሒሳብ አስልተው አቀረቡ። ኃይል የጫነ ጋሪ ከጣቢያው ተነሥቶ በየመሣሪያው አጠገብ እየቆመ ይሞላል፤ ዙሩን ጨርሶ ይመለስና የራሱን ባትሪ እየሞላ ያርፋል፤ ከዚያም ማንም ሳይደክም እንደገና ይነሣል። ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘው የዕቅዱ መለኪያ ነው፤ የሚመዘነው ጋሪው በሮጠበት ሳይሆን ከዙሩ ጊዜ ምን ያህሉን በቤቱ ባረፈበት ነው። ለዚህም ከሁሉ አጭር የሆነው ዙሪያ መንገድ የተሻለ መሆኑን አስረዱ።

ጸሐፊዎቹ እንዲህ ያለውን መረብ «የማይሞት» ብለውታል። ቃሉ ትንሽ የበዛ ይመስለናል፤ ዝናቡና ዝገቱ አሉ፤ እየተሞላ የሚሠራ ባትሪም ቢሆን በመሞላት ብዛት ያረጃል። ጋሪ ከድልድይ ሥር ወይም ከገደል ጫፍ አይወጣም። ለዚህኛው ችግር በ2012 ዓ.ም. የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ድሮን ከተባለው ሰው አልባ በራሪ ላይ ሆኖ በመሬት ላለ ሴንሰር ኃይል ሲተላለፍ አሳይተዋል።

ለድልድይ ጠባቂውና ለሰፊ እርሻ ባለቤት ይህ ሁሉ የሚጠቅም ነው። ፔትረሏ ግን ከጎጆዋ ደጅ እየመጣ የሚቆም ጋሪም ሆነ ከራስጌዋ የሚያጓራ በራሪ እንደ ሰው እጅ ሊያስበረግጋት ይችላል። ለእርሷ የሚሻለው ቈጣቢ መሣሪያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ፥ ለጥቂት ቅጽበት ነቅቶ፥ ለክቶና ልኮ ተመልሶ የሚተኛ።