67 ብድር እንጂ መፍትሔ አይደለም

በአሜሪካ አንድ አብራሪ 65 ዓመት ከሞላው በኋላ የአየር መንገድ አውሮፕላን ማብረር አይችልም። ጤነኛ ቢሆንም፣ የብዙ ዓመት ልምድ ቢኖረውም ያው ነው። እ.ኤ.አ በ2023 የተወካዮች ምክር ቤቱ ጣሪያውን ወደ 67 የሚያሳድግ ረቂቅ አሳልፎ ነበር፤ በ2024 በጸደቀው ሕግ ውስጥ ግን አልገባም። በ2025 ደግሞ የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር፣ አያታ፣ ይህንኑ ጥያቄ ለዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ለአይካኦ፣ አቅርቦ ተቀባይነት አላገኘም። ጥያቄው ግን ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

የደጋፊዎቹ ክርክር የሚናቅ አይደለም። በ2007 አሜሪካ ጣሪያውን ከ60 ወደ 65 ስታሳድግም ብዙ ስጋት ተነሥቶ ነበር፤ ሰማይ አልተደፋም። በ2009 ሁለቱም ሞተሮች የከዱትን አውሮፕላን ሃድሰን ወንዝ ላይ አሳርፈው የ155 ሰዎችን ሕይወት ያተረፉት ካፒቴን ሰለንበርገር፣ 58 ዓመት ሊሞላቸው ስምንት ቀን ነበር የቀራቸው። ልምድ ዋጋ አለው።

ችግሩ ሌላ ነው። በአሜሪካ ክርክሩን ያጋጋለው የሕክምና ግኝት ሳይሆን የአብራሪ እጥረት ነው። እጥረቱን ደግሞ ማን አባባሰው? በ2020 እና በ2021 መንግሥት ሠራተኛ እንዳይበተን ለዘርፉ 54 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲደጉም፣ ትልልቆቹ አየር መንገዶች በሺዎች የሚቆጠሩ አንጋፋ አብራሪዎችን ገንዘብ ከፍለው ያለጊዜያቸው ጡረታ አስወጡ። ገበያው ሲመለስ የጎደላቸውን ከትንንሾቹ አየር መንገዶች ወሰዱ። በረራ የተቋረጠባቸው ትንንሽ ከተሞች ዕዳውን ከፈሉ።

67 ይህን አይፈታም። የ65 ዓመቱ ካፒቴን በአብዛኛው ያለው ትልቁ አየር መንገድ ውስጥ እንጂ ትንሹ ውስጥ አይደለም። አይካኦ ሳይቀይር አሜሪካ ብቻዋን ብትቀይር ደግሞ ለንደንና ቶኪዮ ሲበር የነበረው ካፒቴን ወደ አገር ውስጥ በረራ መመለስ ይኖርበታል። በአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል ስለሚመደብ ከሥሩ ያለውን ይገፋል፤ የተገፋውም ሌላውን ይገፋል። ሁሉም ለአዲስ ዓይነት አውሮፕላን ሥልጠና ሲሙሌተር ፊት ይሰለፋሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚያው ካፒቴኖች ይወጣሉ፤ ክፍተቱም እዚያው ይጠብቀናል።

ለእኛም ነገሩ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሕልውናው ዓለም አቀፍ በረራ ነው። አይካኦ ቁጥሩን የቀየረ ዕለት፣ ካፒቴንነትን የሚጠብቀው ወጣት ረዳት አብራሪ ወረፋው ሊረዝምበት ይችላል።

የእኔ አቋም፦ ጣሪያው የሚነሣ ከሆነ በማስረጃ ይነሣ፤ የሚነሣውም በሁሉም አገር በአንድ ላይ ይሁን። በአሜሪካ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ካፒቴን በየስድስት ወሩ ይመረመራል። ዓይኑ፣ ጆሮው፣ ልቡ፣ የደም ግፊቱ ይታያል። ቀስ በቀስ የሚዳከመውን ትኩረትና ትውስታ የሚለካ መደበኛ ፈተና ግን የለም። መጀመሪያ ያንን ፈተና እናብጀው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ፈተናው ይንገረን፤ የሰው ኃይል ክፍሉ ጭንቀት አይንገረን።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?