«ጌም ተጫውቶበት ነው!»

ፈረስ ገዛችሁ እንበል። በዘጠነኛው ቀን ወደቀ። ሻጩ ዘንድ ሄዳችሁ ብትጠይቁት «ታዲያ ጋልባችሁታላ!» አላችሁ። ምን ትሉታላችሁ? እኔ በቅርቡ መርካቶ ውስጥ፣ አንድ የኮምፒውተር መሸጫ ቤት ባንኮኒ ፊት ቆሜ የሰማሁት መልስ ከዚህ የሚለየው ፈረሱ ፈረስ ባለመሆኑ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ እዚሁ ሳንሱሲ፣ ከኔው ግቢ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ይኖራል። (ሳንሱሲ በፈረንሳይኛ «ያለ ጭንቀት» ማለት ነው። የመብራቱንና የውሃውን ነገር ለምናውቅ ነዋሪዎች ስሙ ራሱ አሽሙር ይመስለናል።) ልጁ ቀን ቀን ለአርክቴክቶች የሕንፃ ምስል በኮምፒውተር ይሠራል፤ ማታ ማታ ጌም ይጫወታል። ኮምፒውተሩን አንድ አንድ ዕቃ እየለቀመ ነው የገጣጠመው። መጨረሻ ላይ የቀረው ግራፊክስ ካርዱ ነበር፤ ምስሉን አስልቶ ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው፣ ዋጋው ከሌላው ሁሉ የሚከብደው ክፍል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። ዕቁብ ሲወጣለት ብሩን እንዳለ ይዞ ሄዶ ገዛው። «አዲስ ነው፤ ሣጥኑ ብቻ ነው ትንሽ የተጎዳው» ተባለ።

በዘጠነኛው ቀን ማታ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ መስመሮች ተጋደሙ። ትንሽ ቆይቶ ድርግም አለ።

እዚህ ላይ እኔ ያልኩትን ልናዘዝ። «እሰይ! አሁን እንኳ እንቅልፍ ትተኛለህ» አልኩት። እናቱም በስልክ ስትሰማ «ተመስገን!» አለች። ልጁ የዓመት ቁጠባው ዐይኑ እያየ ጠፍቶበት ተቀምጧል፤ እኛ «ተመስገን» እንላለን!

እሱ አልመለሰልንም። በማግሥቱ ካርዱን ነቅሎ ጓደኛው ኮምፒውተር ላይ ሰካው፤ ያው መስመር መጣ። የጓደኛውን ካርድ እሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካ፤ ጥርት ብሎ ሠራ። ገመዱን ቀየረ፣ ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንደገና ጫነ። 220 ቮልቱን ወደ 12 የሚያወርደውን ፓወር ሰፕላይ አስለካ፤ ደህና ነው። መብራት ሲንገዳገድ የሚከላከል ስታቢላይዘርም ነበረው። ስለዚህ የተበላሸው ካርዱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ማስረጃውን በዚህ ንጽሕና የደረደረ የመመረቂያ ጽሑፍ ያረምኩት በጣት የሚቆጠር ነው።

ሽበት ይረዳል ብዬ አብሬው ሄድኩ፤ በአስኮ፣ በዊንጌት አድርገን መርካቶ። ሻጩ ልጁን አላየውም፤ ያየው እኔን ነው። «ጋሼ፣ ጌም ተጫውቶበት ነው እኮ!» ድምፁ ውስጥ «እርስዎና እኔማ እንግባባለን» የሚል ነገር አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ አፍታ ራሴን ነቅንቄለት ነበር። ከዚያ ዐይኔ ሣጥኑ ላይ ዐረፈ። በትልልቅ ፊደል «ጌሚንግ» ይላል።

ባለሙያው ካርዱን እኛው ፊት ፈታው። ከማቀዝቀዣው ሥር አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ሙቀቱን ወደ ብረቱ የሚያሻግረው ቅባት ደርቆ፣ እንደ ጥንት ብራና ተሰነጣጥቋል።

«ዘጠኝ ቀን የሠራ ዕቃ ይህን ሁሉ አቧራ ከየት አመጣው?» አልኩ።

«የት ነው የሚኖሩት ጋሼ?»

«ሳንሱሲ።»

«አሃ! ሳንሱሲ እኮ አቧራ አለው!»

ይቺን ይወዳል! እሺ፣ ቅባቱንም ያደረቀው የሳንሱሲ ፀሐይ ነው እንበል? በዓለም ላይ ኤቴሪየም የሚባለው የዲጂታል ገንዘብ እስከ መስከረም 2015 ዓ.ም. ድረስ በእንደነዚህ ያሉ ካርዶች፣ ሌት ከቀን በሚነዱ፣ ይመረት ነበር። አሠራሩ ሲለወጥ ሥራ የፈቱት ካርዶች እንደ ጎርፍ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ውስጥ ገቡ። ያገለገለ መሸጥ ነውር አይደለም። ያገለገለውን «አዲስ» ብሎ መሸጥ ነው ነውሩ። የኛን ካርድ የሕይወት ታሪክ የሚያውቀው ሻጩ ነው።

ባለሙያው ሆት ኤር የሚሉትን ሙቅ አየር የሚተፋ መሣሪያ አምጥቶ ነፋበት። ተአምር! ሠራ። የካርዱ ቺፕ የሚቀመጠው የመርፌ ራስ በሚያካክሉ የብየዳ ጠብታዎች ላይ ነው። ሲግልና ሲበርድ ኖሮ አንዱ ሲሰነጠቅ ወይም ቺፑ ውስጡ ሲላላ፣ ሙቀቱ ለጊዜው ያገናኘዋል። ለጊዜው ነው ታዲያ። ደንበኛው ቤቱ እስኪደርስ፣ ሲከፋም ሌላ ገዢ እስኪገኝ። እኛ ጋ ሦስት ቀን ቆየ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ተመለስን። ሻጩ ምንም ሳይል ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ይህን ጽሑፍ ያላየ አዲስ አበቤ አለ? እኔ ራሴ በሺህ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እንደ ሕግ ቆጥሬም አልፌዋለሁ። የአገሩ ሕግ ግን ሌላ ነገር ነው የጻፈው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ብሎ ደነገገ። ከሱ በፊት፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው ብሏል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈች አንዲት ቁራጭ ካርቶን ሁለቱንም ሽራ ትኖራለች።

«አገሩ ስንት ጭንቅ እያለበት ስለ ጌም ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ነጋዴው የሚነግድበት ዐረፍተ ነገር እኮ ይኸው ነው! ፍሪጅ ቢሆን ኖሮ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮን ይመጣ ነበር። የጌም ዕቃ ስለሆነ ግን ተበዳዩ ራሱ አፍሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። እኛ ወላጆቹና መምህራኑ ጨዋታውን ስለናቅን መብቱንም አብረን ንቀንበታል። ገናና ገበጣ ሲሆን «ቅርስ» እንላለን፤ ልጆቻችን ሲጫወቱ «ሥራ ፈት»። በኔ ልጅነት ልብ ወለድ የሚያነብም ሥራ ፈት ነበር። በዚያው ሥራ ፈትነት ነው ኋላ ደመወዝ የተከፈለኝ።

ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360 የተባለው የጌም ማጫወቻው ቀይ መብራት እያበራ ሲሞትበት፣ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መደበ። ለጽድቅ ብሎ አይደለም፤ ሸማቹ ስለጮኸ ነው። ግን «ተጫውታችሁበት ነው» አላለም። ስለ ካርዱ ክብርም ከተነሣ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እነ ጄፍሪ ሂንተን የዛሬውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕበል የቀሰቀሰውን ሥራ ያሠለጠኑት በሁለት የጌም ካርድ ነው። ሂንተን በ2024 የፊዚክስ ኖቤል ወስዷል።

የኛም እጅ ንጹህ አይደለም። «ደረሰኝ ካልፈለግክ ልቀንስልህ» ሲባል ልጁ «እሺ» ብሏል። ባላስብ ይሻላል እንጂ እኔም ብሆን «እሺ» እል ነበር። ደረሰኝ የሌለው ሰው አዋጅ ቢጠቅስ ማን ይሰማዋል? ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሻጩ ግማሹን ብር መለሰ፤ «ለሽበትዎ ስል ነው ጋሼ» ብሎ። ያ ግማሽ ብር ከሙሉው ኪሳራ በላይ አንገበገበኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የጎደለውን ሞልቼለት ሌላ ሱቅ ሄድን። ዋጋ ሳልጠይቅ «በደረሰኝ ነው የምንገዛው» አልኩ። ልጁ ካርዱን በመብራት ፊት እያገላበጠ የብሎኖቹን ጥርስ መረመረ፤ አንድ ጊዜ የተፈታ ብሎን ይታወቃል አለኝ። ባለሱቁ ደረሰኙን እየቆረጠ ቀና ብሎ አየኝ።

«ለቢሮ ሥራ ነው ጋሼ?»

«ለጌም ነው» አልኩት።