ኪስዎ ውስጥ ምን አለ?

አጎቴ የሪህ ኪኒናቸውን ከኮታቸው ኪስ አይለዩትም። የእግራቸው አውራ ጣት ሌሊት አብጦ ሲያቃጥላቸው ከትንሿ ፖስታ አውጥተው ዋጥ ያደርጋሉ። በቀደም ለጨጓራ ባክቴሪያ የታዘዘላቸውን ልንገዛ አብረን ሄድን።

«አባባ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለች የመድኃኒት ቤቷ ልጅ።

«የለም ልጄ።»

ኪሳቸውን ስጠቁማት ተቆጡ፦ «እሱማ ሲያመኝ ብቻ የምውጠው ነው!»

ልጅቷ ፖስታውን አነበበች፤ ኮልቺሲን ይላል። በእጇ የያዘችውን አንቲባዮቲክ፣ ክላሪትሮማይሲንን፣ መደርደሪያው ላይ መለሰችና ለሐኪሙ ደወለች።

ደግ አደረገች። ኮልቺሲን ከመርዛማ አበባ የሚገኝ የጥንት መድኃኒት ነው፤ በሚያድነውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ሰውነት በጉበት እየሰባበረ፣ በአንጀትና በኩላሊትም እየገፋ ያስወጣዋል። ክላሪትሮማይሲን ሁለቱንም መንገድ ይዘጋል። መውረጃው ተደፍኖ ቧንቧው እንደተከፈተ የተተወ ገንዳ በሉት። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሆንግ ኮንግ የወጣ ጥናት ሁለቱን አንድ ላይ ከወሰዱ 88 ሕሙማን 9ኙ፣ አንዱን ጨርሰው ሌላውን ከጀመሩ 28 ደግሞ 1 ሰው መሞቱን መዝግቧል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው አደጋው ይብስበታል። ኤሪትሮማይሲንም ከዚሁ ወገን ነው፤ አዚትሮማይሲን ግን በዚህ በኩል እምብዛም አያሰጋም።

የሚያስፈራኝ አመጣጡ ነው። መጀመሪያ ተቅማጥና ማስመለስ ይመጣል። ለጨጓራ መድኃኒት የጀመረ ሰው ይህን ሲያይ «ጨጓራዬ ነው» ወይም «አንቲባዮቲኩ ሆዴን ረበሸው» ብሎ ሁለቱንም መዋጡን ይቀጥላል። ቀጥሎ ጡንቻ ይዝላል፣ የደም ሕዋሳት ይመናመናሉ። ያኔ የኩላሊት እጥበት እንኳ መርዙን አጥቦ አያወጣውም። ስለዚህ ተቅማጡ እንደጀመረ ሁለቱንም ኪኒን ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

አጎቴ አልዋሹም። በእሳቸው ቋንቋ መድኃኒት ማለት ሐኪም ዛሬ የጻፈው ነው፤ ለዓመታት ኪስ ውስጥ የኖረ ኪኒንማ እንደ መሐረብ ዕቃ ሆኗል። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። የግፊቱን፣ የስኳሩን፣ የሪሁን ከ«ሌላ መድኃኒት» አንቆጥረውም። ስለዚህ ባለሙያዎቹን የምለምነው ጥያቄውን እንዲለውጡት ነው፦ «አባባ፣ ኪስዎ ውስጥ ምን አለ?»