ሕመም ሲታገሥ መድኃኒት አይቋረጥ

ወባ የያዘው ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት በወጉ ጨርሶ ሲድን ወደ ሥራው ይመለሳል። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ ወይም ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው መድኃኒት ግን እንደ ዕለት ምግብ ነው፤ የዛሬው ለነገ አይበቃም። ሆኖም ብዙዎች ራስ ምታቱ ሲለቃቸውና ሰውነታቸው ሲበረታ «ድኛለሁ» በማለት መድኃኒታቸውን ይተዋሉ። በእኔ አስተያየት ይህ አደገኛ ስሕተት ነው።

የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምንም ሳያሳምም ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። ኤች አይ ቪም መድኃኒቱ ሲቋረጥ እንደገና ይራባል፤ አወሳሰዱ ሲዛባም ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊላመደው ይችላል። እንግዲህ ሕመምተኛው ደኅንነት የሚሰማው መድኃኒቱ ስለሚሠራ ነውና፣ መድኃኒቱ ሲቀር ደኅንነቱም አብሮ ይቀራል።

ሰው መድኃኒቱን የሚተወው ግን በስንፍና ብቻ አይደለም። ለዚህም ጉለሌ ምስክር ናት። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መታደል ጀመረ። በዚያን ዘመን ከከተማው በላይ በእንጦጦ ማርያም ጠበል ብዙ ሕሙማን ተሰብስበው ይኖሩ ነበር። ከእነርሱም መካከል መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል መስሏቸው የተዉት ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ ሕሙማንም ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናገሩ። ስለሆነም ሕመምተኛን ከመውቀስ ይልቅ ምክንያቱን ተረድቶ፣ በሚያከብረው ሰው አንደበት ማስረዳት ይበልጣል።

ምናልባት «መድኃኒት ሲበዛ ሰውነትን ይጎዳል፤ ዋጋውም አይቻልም» የሚል ይኖር ይሆናል። አባባሉ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ መፍትሔው ችግሩን ለሐኪም ገልጦ መናገር እንጂ፣ በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ወይም ከጎረቤት ክኒን መዋስ አይደለም። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊለውጥ፣ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ዋጋው የቀለለውን ሊያዝ ይችላል፤ ያልተነገረውን ግን ሊያውቅ አይችልም።

ተማሪዎች ሆይ! ማንበብ የማይችሉ አያት ወይም ዓይናቸው የደከመ አባት በየቤታችሁ ይኖሩ ይሆናል። የቀጠሮ ካርዳቸውን አንብቡላቸው፤ ክኒናቸውን የሚውጡበትን ሰዓት አስታውሷቸው፤ መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት ወደ ጤና ጣቢያው ሄደው እንዲቀበሉ ርዷቸው። ሐኪም ሕመምተኛውን በወር ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ ያየዋል፤ እናንተ ግን በየማለዳው ታዩታላችሁ። በየቤቱ ያለው ይህ ጥበቃ ከተጓደለ፣ በሆስፒታል የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይቀራል።