ታብሌት መያዝ ኮምፒውተር ማወቅ አይደለም

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዝ ሻንጣ ሲታሰር፣ ከልብሱ፣ ከጫማውና ከሽቶው መካከል ብዙ ጊዜ አንድ ታብሌት አይጠፋም። በዱባይ፣ በሪያድ ወይም በኩዌት በሰው ቤት ሠርታ ካጠራቀመችው ላይ ቀንሳ ይህን ዕቃ ለልጇ ወይም ለታናሽ ወንድሟ የምትገዛ ሴት፣ መጫወቻ የገዛች አይመስላትም። «ኮምፒውተር ይልመድበት፤ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ አይቅር» ብላ ነው የምትልከው። አሳቧ የሚመሰገን ነው። ይሁንና ዕቃው የታሰበለትን ዕውቀት ለልጁ ይሰጠዋል ወይ የሚለው ጥያቄ፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ሊጠየቅ ይገባዋል።

ጥያቄው የስደተኛ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። መንግሥታትም ጠይቀውታል፤ አንዳንዶቹ የጠየቁት ግን ብዙ ሀብት ካፈሰሱ በኋላ ነው። አይፓድ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2010 ነበር። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ታብሌት ከመዝናኛ ዕቃነት ወደ ትምህርት መሣሪያነት ተሸጋገረ። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2012 የመሐመድ ቢን ራሺድን ዘመናዊ የትምህርት ፕሮግራም ይፋ በማድረግ፣ ታብሌትን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች የመማሪያ ክፍሎች አስገባች። በአሜሪካ የሎስ አንጀለስ የትምህርት ዲስትሪክት በ2013 ለተማሪዎቹ ሁሉ አይፓድ ለማዳረስ 1.3 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ ዕቅድ ጀመረ፤ በ2014 ግን ውሉ እንዲቋረጥ ተደረገ።

ከእነዚህ ዕቅዶች ከብዙዎቹ ጀርባ አንድ እምነት ነበር። በዲጂታል ዘመን የተወለደ ልጅ መሣሪያው በእጁ ከገባ የቀረውን ራሱ ይደርስበታል የሚል ነው። አሜሪካዊው ጸሐፊ ማርክ ፕሬንስኪ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዲህ ያሉትን ልጆች «የዲጂታል ዘመን ተወላጆች» ብሎ ሰየማቸው፤ ስያሜውም በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጣቱ ስክሪን እየገፋ የሚፈልገውን ቪዲዮ ሲያወጣ ያየ ወላጅ፣ ይህን እምነት ለመቀበል ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ማስረጃው ሲመጣ ግን የተለየ ነገር ተናገረ። አውስትራሊያ ከ2005 ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ የ6ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቿን የኮምፒውተርና የመረጃ አጠቃቀም ችሎታ ትመዝናለች። በ2011 የሚጠበቀውን የብቃት ደረጃ ያሟሉት የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች 62 በመቶ ነበሩ፤ በ2014 ወደ 55 በመቶ ወረዱ። የ10ኛ ክፍሎቹ ከ65 በመቶ ወደ 52 በመቶ አሽቆለቆሉ። እነዚያ ሦስት ዓመታት ታብሌትና ዘመናዊ ስልክ በየቤቱና በየክፍሉ የገቡባቸው ዓመታት መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። መሣሪያው በበዛበት ወቅት ችሎታው አነሰ።

ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ስለሆኑ ብቻ አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ማለት አይቻልም። የአገሪቱ የምዘና ባለሥልጣንም ይህን ያህል አልደፈረም፤ ትምህርት ቤቶች ለኮምፒውተር ትምህርት የሚሰጡት ትኩረት ቀንሶ ሊሆን እንደሚችልም አመልክቷል። ነገር ግን አንድ ነጥብ አስረግጦ ተናግሯል፦ ተማሪዎች በታብሌትና በስልክ የሚለማመዱት በአብዛኛው የመልእክት መለዋወጥንና የመዝናኛን ክህሎት ነው፤ ለሥራና ለኑሮ የሚያስፈልገው የኮምፒውተር ችሎታ ካልተማሩት በራሱ አይመጣም።

ከአውስትራሊያ ውጭ የተገኘው ውጤትም ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የተካሄደው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተርና የመረጃ ችሎታ ጥናት ከ46,000 በላይ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ፈትኗል። ከተፈተኑት መካከል ከፍተኛውን ደረጃ የደረሱት ከመቶ 2 ብቻ ነበሩ። ከመቶ 43ቱ ደግሞ መሠረታዊ መረጃ ለመሰብሰብና ለማደራጀት ኮምፒውተርን ራሳቸውን ችለው ከሚጠቀሙበት ደረጃ በታች ቀርተዋል። እነዚህ ልጆች መሣሪያ የቸገራቸው አልነበሩም፤ ከጀርመን፣ ከዴንማርክ፣ ከደቡብ ኮሪያና ከአሜሪካ የመጡ ይገኙባቸዋል። በመሣሪያ መካከል ማደግ ብቻውን የጠለቀ ችሎታ እንደማያስገኝ ጥናቱ በግልጽ አስቀምጧል።

ምክንያቱ ከመሣሪያው አሠራር ይጀምራል። ታብሌት የተሠራው ተጠቃሚው ስለ ማሽኑ ሳያስብ እንዲገለገልበት ነው። ፎቶግራፍ ሲነሳ የት እንደተቀመጠ አይጠየቅም፤ መተግበሪያው ያስቀምጠዋል፣ መተግበሪያው መልሶ ያወጣዋል። አይፓድ ፋይሎችን የሚያሳይና የሚያደራጅ የራሱ መተግበሪያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፣ ይህም ለገበያ ከቀረበ ከ7 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ለተገልጋይ ይህ ምቾት ነው። ለሚማር ልጅ ግን ምቾቱ መጋረጃ ይሆንበታል፤ ፋይል ምን እንደሆነ፣ ፎልደር ለምን እንደሚከፈት፣ ቅጂ ከዋናው በምን እንደሚለይ የሚያይበት አጋጣሚ አያገኝም።

ጽሑፍም እንዲሁ ነው። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው የቁልፍ ሰሌዳ ለአጭር መልእክት ይበቃል፤ አምስት ገጽ ለመጻፍ፣ አንቀጽ ከቦታ ቦታ ለማዛወር፣ በሠንጠረዥ ውስጥ ቁጥር ለማስላት ግን አይመችም። የቢሮ ሥራ ደግሞ በአመዛኙ ይኸው ነው። ደብዳቤ ይጻፋል፣ ስም ይሰጠዋል፣ በቦታው ይቀመጣል፣ ይታረማል፣ የቀድሞው ቅጂ ሳይጠፋ ከኢሜይል ጋር ተያይዞ ይላካል። በታክሲ ተሳፍሮ ከተማውን በየቀኑ የሚያቋርጥ ሰው መንገዱን ያየዋል፤ መሪውን አልያዘምና ነድቶ መድረስ ግን አይችልም። በታብሌት ብቻ ያደገ ወጣትም በዲጂታሉ ዓለም ውስጥ ብዙ የተጓዘ ተሳፋሪ ነው።

በዚህ ላይ ከኢትዮጵያ ምድር የተገኘ አንድ ጠንካራ ተቃራኒ ምሳሌ ሊነሳ ይችላል። «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደገለጸው፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። ከዚያ ቀደም የታተመ ጽሑፍ እምብዛም አይተው ለማያውቁ ሕፃናት ይህ የሚያስደንቅ ነው።

ታሪኩ በጥንቃቄ ሲታይ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። የሙከራው ዓላማ ሕፃናቱ ፊደል እንዲለዩና ማንበብ እንዲጀምሩ ነበር፤ ለዚህ ታብሌት ተስማሚ ነው። ልጆቹን ወደ ማሽኑ ውስጥ ያስገባቸው ደግሞ የስክሪኑ ቅልጥፍና ሳይሆን የተዘጋው ካሜራ ነው። አንድ ነገር እንቢ ሲላቸው «ለምን?» ብለው ጠየቁ፤ መልሱን ፍለጋም ቅንብሩን ከፈቱ። የኢትዮጵያ ልጅ የማወቅ ጉጉት አላነሰውም። የሚያንሰው ጉጉቱን የሚቀሰቅስ ሥራና ከጉጉቱ ወደ ዕውቀት የሚያደርሰው አስተማሪ ነው።

ጥፋቱ የታብሌቱ ቅርጽም አይደለም። የዛሬው ታብሌት ቀዳሚ አሳብ የሆነውን «ዳይናቡክ» አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ አለን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1972 በጽሑፍ አቅርቦት ነበር። እንደ ደብተር የሚያዝ፣ የቁልፍ ሰሌዳ ያለው የልጆች ኮምፒውተር ነው። በጽሑፉ ውስጥ ሁለት ልጆች የጠፈር ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ጨዋታው የፀሐይን ስበት እንደዘነጋ ሲረዱ ፕሮግራሙን ራሳቸው ያሻሽሉታል። በኬይ አሳብ ልጁ የማሽኑ ጌታ ነበር። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በየሱቁ የተደረደረው ዕቃ መልኩን ወርሶ፣ ያንን ጌትነት ግን በአብዛኛው ትቶታል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊው ወጣት ሩቅ ወሬ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር በበይነ መረብ እየተሰጠ ነው። ማውዝና የቁልፍ ሰሌዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው በፈተናው አዳራሽ የሆነ ተማሪ፣ ትምህርቱን ቢያውቅም ከሰዓቱ ጋር ይታገላል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ኢትዮጵያ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» የተባለውን ነፃ የበይነ መረብ ሥልጠና ጀምራለች። በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ፋይል ከየት ወርዶ የት እንደገባ የማያውቅ ሠልጣኝ ግን በዚያ በር ለመግባት ይቸገራል፤ ኮድ የሚጻፈው በቁልፍ ሰሌዳ ነውና።

የገዛ ቋንቋም ጉዳይ አለበት። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ስለገባ፣ ዛሬ በማንኛውም ኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ ይቻላል። ሆኖም ከሁለት መቶ በላይ የሆኑትን ፊደላት በቁልፍ ሰሌዳ አቀላጥፎ መጻፍ ልምምድ ይጠይቃል። ልምምዱን ያላገኘ ወጣት አማርኛውን በላቲን ፊደል ሲጽፍ ይታያል። በስልክ ጨዋታ ይህ ያግባባል፤ በማመልከቻ፣ በቃለ ጉባኤ ወይም በምርምር ጽሑፍ ግን ቦታ የለውም።

ለታብሌት የሚቆሙ ሰዎች ክርክርም ሚዛን አለው። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከላፕቶፕ ይቀንሳል፤ መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ ባትሪው ይቆያል፤ ለማንበብ፣ ለመሳልና ቪዲዮ ለማየት ምቹ ነው። ነገ ሰው ከማሽን ጋር የሚነጋገረው በድምፅ ስለሆነ የቁልፍ ሰሌዳ ያረጀ ነገር ነው የሚሉም አሉ። ነገር ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደብዳቤውን ቢጽፍ እንኳ፣ ትክክል መሆኑን መርምሮ፣ አርሞና አደራጅቶ ኃላፊነቱን የሚወስደው ሰው ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ መረዳት ያስፈልጋል።

ስለዚህ መፍትሔው ታብሌቱን መንጠቅ አይደለም። አቅሙ የፈቀደ ቤተሰብ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ከአዲስ ታብሌት ይልቅ በደንብ የተፈተሸ ያገለገለ ላፕቶፕ ቢልክ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ታብሌቱ ቀድሞ ከተላከ፣ ለአብዛኞቹ ታብሌቶች የሚሆን የቁልፍ ሰሌዳ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል። ከዕቃው ጋር ደግሞ ሥራ ቢላክ መልካም ነው። ልጁ የቤቱን ወርኃዊ ወጪ በሠንጠረዥ እንዲያሰፍር፣ የአያቱን ታሪክ በአማርኛ ጽፎ በኢሜይል እንዲልክ፣ የቤተሰቡን ፎቶግራፎች በዓመተ ምሕረት ለይቶ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላል። ባሕር ማዶ ያለችው እህትም በሳምንት አንድ ቀን «ምን ተመለከትህ?» ሳይሆን «ምን ሠራህ?» ብላ ብትጠይቀው ልዩነቱን ታየዋለች።

ትምህርት ቤቶችም ድርሻ አለባቸው። የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ የማሽን ክፍሎችን ስም በጥቁር ሰሌዳ የማስገልበጫ ሰዓት መሆኑ ሊቀር ይገባል። ማሽኖቹ ጥቂት ቢሆኑም ተማሪዎች በተራ እየተቀመጡ ሊጽፉ፣ ሊያስቀምጡ፣ ሊሳሳቱና ሊያርሙ ይችላሉ። በአዲስ አበባ እንደ አብርሆት ያሉ ቤተ መጻሕፍት የሚሰጡት የኮምፒውተር አገልግሎት ወደ ክልል ከተሞችም ሊስፋፋ ይገባዋል። መሣሪያ ለሚገዙ መንግሥታትና ለጋሾች የሎስ አንጀለስ ልምድ ትምህርት ይሆናል፤ መምህሩ ያልሠለጠነበትና ዓላማው በግልጽ ያልታወቀ ግዢ የሚያበለጽገው ሻጩን ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የጽሕፈት ልምድ፣ የፋይል ሥርዓትና ስህተትን ፈልጎ የማረም ትዕግሥት በአንድ ቀን የሚገኙ አይደሉም፤ በየቀኑ በሚሠራ ጥቂት ሥራ ግን ይገኛሉ። በሻንጣው ውስጥ የሚላከው ዕቃ የብዙ ወራት ላብ ነው። ያ ላብ በስክሪን ላይ በሚንሸራተት ጣት ብቻ እንዳይቀር፣ ከላኪውም፣ ከተቀባዩም፣ ከአስተማሪውም አንድ ጥያቄ ይጠበቃል፦ ልጁ በዚህ መሣሪያ ምን መሥራት ተማረ?