የሰረቀው እጅ ሲሠራ፦ ፍርድ ቤት ከወህኒ ይልቅ ሥራ ሲፈርድ

አንድ የልጆች አባት ከጎረቤቱ ግቢ በግ ሰርቆ ሲሸጥ ተያዘ እንበል። ጥፋተኛ ተባለና ጥቂት ወራት ታሰረ። ቅጣቱ ያረፈው በማን ላይ ነው? እርሱ በመንግሥት ቀለብ ይኖራል፤ ሚስቱ ግን የቤት ኪራይ የምትከፍለው ታጣለች፤ ልጆቹም የአባታቸውን ጥፋት በረሃብ ይከፍላሉ። በጉ የተሰረቀበት ጎረቤትም ያገኘው ነገር የለም። ሰውየው ከእስር ሲወጣ ደግሞ ሥራውን አጥቷል፤ ምናልባትም ከእርሱ የባሱ ሌቦችን ተዋውቋል።

አንዳንድ አገሮች ይህን አይተው ሌላ መንገድ ፈለጉ። እንግሊዝ በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን በማሰር ፈንታ ከ40 እስከ 240 ሰዓት ያለ ክፍያ ሕዝብን እንዲያገለግል ማዘዝ ቻለ። በአህጉራችንም ዚምባብዌ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህን አሠራር ጀመረች፤ ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በ1998 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ሕግ አወጣችለት። በኬንያ ሕግ ከ3 ዓመት በማይበልጥ እስራት የሚያስቀጣ ጥፋት የሠራ ሰው መንገድ እንዲጠግን፣ ችግኝ እንዲተክል፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል እንዲያድስ፣ ወይም በሕፃናት ማሳደጊያ እንዲሠራ ሊፈረድበት ይችላል። በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖችም “ኮሚዩኒቲ ሰርቪስ” የሚለውን ቃል በሚገባ ታውቁታላችሁ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጥፋተኛው ቤቱ እያደረ ይቀጣል፤ ቤተሰቡም አይበተንም። መንግሥት ለቀለቡና ለጥበቃው የሚያወጣው ገንዘብ ይተርፋል፤ የተጎዳው ማኅበረሰብም በዓይኑ የሚያየው ሥራ ያገኛል።

“ታዲያ ይህ ቅጣት ነው ወይ? ሌባውን ማሞላቀቅ አይሆንም?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጎረቤት እያየ የሰፈርን ቦይ መጥረግ ቀላል ነገር አይደለም። ትእዛዙን የጣሰም ወደ ፍርድ ቤት ተመልሶ ሌላ ቅጣት ይጠብቀዋል። ደግሞም ይህ ለነፍሰ ገዳይ ወይም ለአስገድዶ ደፋሪ የታሰበ አይደለም። የተበዳዩ ካሳም ሊረሳ አይገባም፤ መንገድ መጥረግ በጉን አይመልስምና።

በአገራችንስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 103 ላይ ከስድስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ጥፋት የሠራ፣ ጤነኛና ለኅብረተሰቡ አደገኛ ያልሆነ ሰው ነጻነቱን ሳያጣ የግዴታ ሥራ እንዲፈረድበት ይደነግጋል። ከኬንያ የሚለየው፣ የእኛው ሕግ ሰውየው እየሠራ ከገቢው ላይ ለመንግሥት እየተቀነሰ እንዲቀጣ ማድረጉ ነው። እንግዲህ እስር ብቸኛው መንገድ እንዳልሆነ ሕጋችንም ያውቃል ማለት ነው።

ወገኖቼ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን 4፥28 ስለ ሌባ የጻፈውን አስተውሉ። መስረቁን ይተው ብሎ ብቻ አላቆመም፤ በገዛ እጁ ሠርቶ ለተቸገረ እንዲያካፍል እስከ ማዘዝ ይደርሳል። የሰረቀ ሰው አንድ ቀን ሰጪ እንዲሆን ይጠብቃል። ዘኬዎስም የተጸጸተ ዕለት እጁን ወደ ኪሱ ሰድዷል።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ እኛም ይመጣል። የእስረኞች አገልግሎት ያላቸው አጥቢያዎች ብዙ ናቸው፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ቅጣቱን በሥራ የጨረሰ ሰው በራችንን ቢያንኳኳ ማን ይቀጥረዋል? ከመካከላችን ሱቅ ያለው፣ ጋራዥ ያለው፣ ግንባታ የሚያሠራ አለ። ሕግ ባለሙያ የሆናችሁ ደግሞ ድሃው ተከሳሽ የማያውቀውን ይህን አንቀጽ በፍርድ ቤት ልታነሡለት ትችላላችሁ። ፍርድ ቤት ሥራ ሊያዝዝ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየውን አምኖ እንጀራ የሚያበላው ሥራ የሚሰጠው ግን ጎረቤት ነው።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።