ጭራሮና ቆርኪ ክፍል ይግቡ

አንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከ32 ላይ 15 ቀንስ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጽፈው መልስ 23 ነው። ይህ የግድየለሽነት ስህተት አይደለም፤ የራሱ ሥርዓት አለው። ልጁ ከአምስት ሁለት ሲቀነስ ሦስት፣ ከሦስት አንድ ሲቀነስ ሁለት ብሏል። ትንሹን ከትልቁ ቀንስ ተብሎ ስለተማረ እንደተማረው አደረገ። ያላወቀው ነገር 32 ውስጥ ያለው ሦስት፣ ሦስት አሥሮች መሆኑን ነው። “ከጎረቤት ተበደር” የሚለውን ሕግ ቢሸመድደውም፣ አንድ ተበድሮ እንዴት አሥር እንደሚያገኝ ማንም አላሳየውም። ለዚሁ ልጅ ሠላሳ ሁለት ጭራሮ እንስጠውና አሥር አሥሩን በክር ይሰር። ሦስት እስርና ሁለት ነጠላ ይኖረዋል። አሥራ አምስት ስጠኝ ሲሉት አንዱን እስር ይሰጣል፤ አምስት ነጠላ ሲፈልግ ግን ያለው ሁለት ብቻ ነው። ጥቂት ያመነታና ከቀሩት እስሮች የአንዱን ክር ይፈታል። አሁን አሥራ ሁለት ነጠላ አለው፤ አምስቱን ሲሰጥ ሰባት ይቀረዋል፣ ካልተፈታው እስር ጋር 17። ያ መበደር የሚባለው ነገር በጣቶቹ መካከል ተፈጸመ።

ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ባሉት ዓመታት እንዲህ ያለው ትምህርት የዘወትር መንገድ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ግን የክፍያ ትምህርት ቤቶች ማጌጫ ወይም ጎብኚ ሲመጣ ብቻ የሚወጣ ነገር ሆኗል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጀሮም ብሩነር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ልጅ በመጀመሪያ በድርጊት፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ በመጨረሻ በምልክት ያውቃል ብሎ ነበር። ሲንጋፖርም ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሒሳብ ትምህርቷን በዚሁ ቅደም ተከተል ላይ አቆመች፤ ውጤቷም በዓለም አቀፍ ምዘናዎች ከፊት ተሰልፏል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ትንተና 55 ጥናቶችን አንድ ላይ መዝኖ፣ በሚዳሰስ ቁስ የተማሩ ልጆች በምልክት ብቻ ከተማሩት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ብልጫው ከትንሽ እስከ መካከለኛ የሚባል ነው፤ ተአምር የለበትም። ግን እኛ ያለንበት ቦታ ትንሽ ብልጫን የሚያስንቅ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሦስት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ገደማ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ840 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። የዚህ ውድቀት መንስኤ ብዙ ነው፤ ሥሩን ከ12ኛ ክፍል ብቻ የሚፈልግ ግን አያገኘውም።

ንባብም ከሒሳቡ አይለይም። “ሀ ሁ ሂ”ን በዜማ እስከ መጨረሻው የሚወርድ ልጅ፣ “ሩ”ን ለብቻዋ ሲያሳዩት ከ“ረ” ጀምሮ እየቆጠረ የሚደርስባት ብዙ ነው። ዜማውን እንጂ ፊደሏን አያውቃትም። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ገና ማንበብ ያልጀመሩ ሕፃናት ፊደልን በራሳቸው እጅ ሲጽፉ ለንባብ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል እንደሚነቃ፣ በኮምፒውተር ቁልፍ ሲነኩት ወይም በተሠራ መስመር ላይ ሲከተሉት ግን ያን ያህል እንደማይነቃ አሳይቷል። አፈር ላይ በጣት መጻፍ፣ “ለ”ን በጭቃ መሥራት ጊዜ ማባከን የሚመስለው ሰው ይህን ያስብበት።

“አባቶቻችን በቃል ሸምድደው ሊቅ ሆነዋል” የሚል መከራከሪያ ይነሳል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የቄስ ትምህርት ቤት በቃል ብቻ አላስተማረም። ሕፃኑ እያንዳንዷን ፊደል በስንጥር እየነካ ነው ስሟን የሚጠራው፤ እጅ፣ ዓይንና ድምፅ አብረው ይሄዳሉ። ከሀ ሁ ቀጥሎ የሚመጣው አቡጊዳ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ስለሚያፋልስ በዜማ የሸመደደው ልጅ ፊደሉን ለይቶ ለማየት ይገደዳል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ዜማውን ወስዶ ስንጥሩን የተወው ይመስለኛል።

የመምህራኑ ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል። በመመዘኛው አንድ ክፍል 50 ተማሪ መያዝ ሲገባው ከዚያ በላይ የሚታጨቅባቸው ክፍሎች ብዙ ናቸው፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ መጽሐፉም ማለቅ አለበት። በዚህ ላይ ጭራሮ በትኖ መሰብሰብ ቀልድ አይደለም። ሆኖም ሁሉም ልጅ በአንድ ጊዜ መነካካት የለበትም። ግማሹ በቡድን ቁሱን ሲይዝ ግማሹ ደብተሩ ላይ ሊሠራ ይችላል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ልጆቹም ሥርዓቱን ከለመዱት በኋላ ማደሉንና መሰብሰቡን ራሳቸው ይሠሩታል። ገጽ ለመሸፈን መሮጡም ቢሆን ጊዜ አያተርፍም፤ በሁለተኛ ክፍል ያልገባው የአሥር ቤት በአራተኛ ክፍል ማካፈል ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ ከተመራማሪዎች የመጣው ነው። ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ጀማሪ ተማሪን “ራስህ ድረስበት” ብሎ መተው እንደማያስተምር ተከራክረዋል። ትክክል ናቸው። ቆርኪ አድሎ ወንበር ላይ የሚቀመጥ መምህር አላስተማረም። ትምህርቱ ያለው “ለምን ፈታኸው? አሁን ስንት እስር ቀረህ? እስቲ ያደረግከውን ሰሌዳው ላይ ጻፈው” በሚለው ጥያቄ ውስጥ ነው። ጭራሮው ከቁጥሩ ጋር ካልተገናኘ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። እንዲያውም በጣም ያጌጠ ቁስ የልጁን ሐሳብ ከቁጥሩ ወደ መጫወቻው እንደሚስብ ተመራማሪዎች አስተውለዋል። ስለዚህ “ገንዘብ የለንም” የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ጭራሮ፣ ጠጠር፣ የበቆሎ ፍሬና ቆርኪ ከውጭ ከሚገዛው ባለቀለም ፕላስቲክ ለዚህ ሥራ አያንሱም። በቅልብልቦሽና በገበጣ ጠጠር መቁጠር የለመደ ልጅ ክፍል ሲገባ ጠጠሩን በር ላይ እንዲጥል የምናደርገው እኛው ነን።

ወጪ የሚጠይቀው መምህሩን ማዘጋጀቱ ነው፤ የትምህርት ቢሮዎች ገንዘባቸውን እዚያ ያውሉት። ሱፐርቫይዘሮችም ክፍል ሲገቡ የዕለት ዕቅዱንና የተሸፈነውን ገጽ ብቻ አይመልከቱ፤ ልጆቹ ዛሬ በእጃቸው ምን እንደሠሩና ስለሠሩት ነገር ምን እንደተናገሩ ይጠይቁ። ርዕሳነ መምህራን በመርጃ መሣሪያ ክፍል ተቆልፎ አቧራ የለበሰውን ሁሉ አውጥተው ለአንደኛ ክፍል ያስረክቡ። ወላጆችም በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ማርክና ስለ ደረጃ ከጠየቃችሁ በኋላ ይህንንም ጠይቁ፦ ልጄ መቀነስን የተማረው ምን ይዞ ነው?